ርክክብ

ከብሎክ ሰባት ጀርባ፣ የኮሚናሉ ቤት፣
ለበዓል በግ ሲያርዱ ደሙን የሚያጥቡበት፣
ዛሬ ወንበር ሞላው፣
ከእድር የተዋስነው፣ ጀርባው ቀይ ቀለም ያለው።
የቱሉ ዲምቱ ነፋስ ከሜዳው ተነስቶ፣
አቧራውን ይዞ በመስኮቱ ገብቶ፣
አዲስ ተመራጮቹን አንድ ዓይነት ቀባቸው፤
ሊቀመንበር የቱ፣ ገንዘብ ያዥ የቱ፣ አይለይም መልካቸው።

አሠልጣኙ መጣ ከክፍለ ከተማ፣
በተተኮሰ ሸሚዝ፣ በሚያበራ ጫማ።
"ራዕይ"፣ "ተልዕኮ"፣ "እሴት" እያለ፣
በግድግዳው ብርሃን ቀስት እየከተለ፣
"መሪ ማለት…" ሲል ግን መብራቱ ሄደ፤
ቀስቱም ራዕዩም ከግድግዳው ወረደ።

ሳቅን። እሱም ሳቀ፤ ክፋት የሌለው ነው።
"እንግዲህ ጋሼ" አለኝ፣ "ተራው የእርስዎ ነው።"

ሰባት ዓመት ሙሉ ክበቡን ስመራ፣
ንግግር አልለመድኩ፤ የለመድኩት ሥራ።
ያመጣሁትን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት፦
ማኅተሙን፣ መዝገቡን፣ የመጋዘን ቁልፉን በጫማ ክር ያሰርኩት።

"ዋቅጋሪ" አልኩት፣ "ገንዘብ ያዥ ሆነሃል፤
የክበቡ ብርና ያንተ ብር አንድ ኪስ ካደሩ፣
ሲነጋ ዘመድ ሆነው ይጠብቁሃል።
እንግዳወርቅ፣ አንቺ ቃለ ጉባዔ ስትጽፊ፣
ውሳኔውን ያዥው፣ ስድቡን እለፊ፤
ሰው ቢቀየም ሽማግሌ አለ፤
ማን ያስታርቀዋል ደብተር ቂም ከያዘ?
ዘይትና ዱቄት ስታደርሱ፣ ሲመሻሽ ውጡና፣
'አደራ ተልኮ ነው' በሉ፤ ድሃም ኩራት አለውና።"

አወራሁ፣ አወራሁ። ጥሩ አወራሁ መሰለኝ።
አሠልጣኙ እንኳ ማስታወሻ ያዘልኝ።

ፈቲያ ግን ዝም ብላ መዝገቡን ትገልጣለች፣
ጣቷን በየረድፉ ታስኬዳለች።
አዲሷ ሊቀመንበር፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣
ከፈረሰ ሠፈር የመጣች ከእናቷ።
"ይሄ ምንድን ነው?" አለች።
"ብሎክ አሥራ አራት፣ በር አራት መቶ ሦስት።
ስም አለ። ፊርማ የለም።"

ከንፈሬ ደረቀ።
ትናንት ማታ ያንን ገጽ በሙጫ ልለጥፈው ነበር፤
ሙጫው ደርቆ ተገኘ፣ እውነቱን ልናገር።

ጋሽ ሸዋቀና ይባሉ ነበር። አራተኛ ፎቅ፣ ብቻቸውን።
ያ ሳምንት ዝናብ ነበር። የጋሪው ጎማ ፈንድቷል።
የዓመቱ ሪፖርት አስጨንቆኛል።
ደረጃው ሥር ቆሜ ቀና ብዬ አየሁና
"ነገ" አልኩኝ።
በነጋታውም "ነገ"።
በአራተኛው ቀን ጎረቤት በሩን ሰበረው።
ለድንኳኑ የወጡት እነዚሁ ወንበሮች ነበሩ።
ሪፖርቱ በቀኑ ደርሷል።
"ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳክቷል" ይላል፤
ከሥሩ ማኅተም አለ፣ ይኸው ማኅተም።

ማንም አልተናገረ።
ውጭ ሲኖትራክ አሸዋ ሲያራግፍ ተሰማ።
አሠልጣኙ እስክሪብቶውን ከደነ።
እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ
ሌላውን ቁልፍ አወጣሁ፣
ማንም የማያውቀውን፣ ለራሴ ያስቀረጽኩትን፣
ከመጀመሪያው አጠገብ አኖርኩት።

ፈቲያ "አይዞህ" አላለችኝም።
"አሁን ማን ይኖርበታል?" አለች።
"ተከራይ ናቸው። አራስ አለች፣ መሰለኝ።"
"መሰለኝ?"

መዝገቡን በብብቷ ይዛ ተነሳች።
ወንበሮቹ ተንቋቁ፤ ዘጠኙም ተከተሏት፤
የሸሚዙም ጌታ አቧራ እየጠጣ ተከተላት።
የዘይቱን ጀሪካን ለኔ አሸከመችኝ።
እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣
በየወለሉ ቆሜ ትንፋሼን እየለቀምኩ
ቆጠርኩት፦
ሃምሳ ስድስት ደረጃ።

ከመቶ በላይ ይመስለኝ ነበር።